የተቀረጸ ድምፅና ምላሹ

ንግግር ለብዙ ሺህ ዓመታት ከአፍ ወጥቶ ጆሮ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነበር። ጸሐፊ ካልደረሰለት፣ ወይም ተማሪ በቃሉ ካላጠናው፣ ነፋስ እንደ ወሰደው እብቅ ሆኖ ይቀር ነበር። ኤዲሰን በ1877 ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ ከሠራ ወዲህ ግን (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቃል ከተናጋሪው ዕድሜ በላይ መኖር ጀመረ። መጀመሪያ በሸክላ፣ ቀጥሎ በቴፕ ክርና በካሴት፣ ዛሬም በእጅ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል። አዲስ አበባ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቅ ወጣት፣ በጆሮው የሰካት ትንሽ ማዳመጫ እሱ ሳይወለድ ቶሮንቶ ላይ የተነገረውን ታሰማዋለች። ዘፈኑም፣ ወሬውም፣ ማስታወቂያውም በተደባለቀበት በዚህ የድምፅ ገበያ መካከል፣ ስለ ኅብረተሰብ፣ ስለ መሣሪያና ስለ ዕቃ አሠራር የሚያስብ አንድ የረጋ ድምፅ ድንገት ሲያጋጥም፣ በባዕድ አገር የራስን ቋንቋ የሚናገር ሰው እንደ ማግኘት ያለ ነገር ነው።

ከእነዚህ ድምፆች መካከል የኡርሱላ ፍራንክሊን ድምፅ በተለይ ሊደመጥ ይገባዋል። የካናዳ ብሔራዊ ራዲዮ ከ1961 ጀምሮ አንድ አዋቂ እየጋበዘ «የማሲ ንግግሮች» በሚል ስም ተከታታይ ትምህርት ያሰማል። የመጀመሪያዋ ተጋባዥ እንግሊዛዊቷ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ባርባራ ዋርድ ነበሩ፤ የተናገሩትም ስለ ሀብታምና ስለ ድኻ አገሮች ነበር። በ1967 ማርቲን ሉተር ኪንግ ተናግረውበታል። የ1989 ተራ የፍራንክሊን ሆነ፤ ለንግግራቸውም «የቴክኖሎጂ እውነተኛው ዓለም» የሚል ርእስ ሰጡት። በተከታዩ ዓመት መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። መጽሐፉ መልካም ነው፤ ድምፁ ግን ሌላ ነው። የጀርመን ቃና ያልለቀቀው እንግሊዝኛቸው ሳይቸኩል ይሄዳል፤ አንዲት አሮጊት እንዝርቷን እያሾረች ፈትሉን ሳይበጠስ እንደምትስበው ሁሉ፣ አንዱ ሐሳብ ከሌላው እየተያያዘ ይወጣል። ጭብጨባ የሚለምን አነጋገር አይደለም።

ፍራንክሊን በ1921 ሙኒክ ተወለዱ። እናታቸው የአይሁድ ወገን ስለ ነበሩ በናዚዎች ዘመን ወላጆቻቸው በማጎሪያ ካምፕ ታሰሩ፤ እሳቸውም በግዳጅ ሥራ ካምፕ ውስጥ በቦምብ የፈረሱ ሕንፃዎችን ሲጠግኑ ቆዩ። ከጦርነቱ በኋላ ቤተሰቡ በርሊን ላይ በሕይወት ተገናኘ። በ1948 እዚያው በርሊን በፊዚክስ ዶክትሬታቸውን ተቀብለው፣ በተከታዩ ዓመት ወደ ካናዳ ተሻገሩ፤ የብረታ ብረት ተመራማሪም ሆኑ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሕፃናት የወተት ጥርስ ተሰብስቦ፣ ከኑክሌር ቦምብ ሙከራ የመነጨው ስትሮንቲየም 90 የተባለ መርዘኛ ንጥረ ነገር በልጆች ሰውነት ውስጥ መግባቱ በተመረመረበት ሥራ ተካፍለዋል። በ1984 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለመምህራኑ የሚሰጠውን ከፍተኛ ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ይህ ሁሉ በንግግሩ ውስጥ አይተረክም፤ እሳቸው ስለ ራሳቸው ማውራት አይወዱም። ይሁን እንጂ ስለ መታዘዝ ሲናገሩ፣ ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ እንዳልተማሩት የሕይወት ታሪካቸውን የሚያውቅ አድማጭ ይረዳል።

ንግግሩ በቤት ምሳሌ ይጀምራል። ቴክኖሎጂ የሰው ልጅ የሚኖርበት ቤት ነው ይላሉ፤ ቤቱ ያለማቋረጥ ይቀጠላል፣ ግድግዳው ፈርሶ ሌላ ይሠራል፣ አዲስ በር ይወጣለታል፤ ከዚህ ቤት ውጭ የሚኖረውም ሰው ከዕለት ወደ ዕለት እያነሰ ሄዷል። ቀጥለውም ብዙውን አድማጭ ከለመደው መንገድ ያስወጡታል። ቴክኖሎጂ ሲባል ሰው መሣሪያውን ያስባል፤ ሞተሩን፣ ኮምፒዩተሩን፣ ሮኬቱን። ለፍራንክሊን ግን ቴክኖሎጂ አሠራር ነው። ሥራው እንዴት እንደሚደራጅ፣ ማን እንደሚያቅድና ማን እንደሚፈጽም፣ ምን እንደ ልማድ ተቆጥሮ ጥያቄ እንደማይነሣበት፣ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ነው ቴክኖሎጂ የሚባለው። መሣሪያው ከዚህ መካከል አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

አሠራርን ከሁለት ይከፍሉታል። አንዱን ምሉዕ አሠራር ብንለው ያስኬዳል። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ከመምረጥ አንሥቶ እንስራው ከእሳት እስኪወጣ ድረስ ሥራው በእጇ ነው፤ ጭቃው ቢከዳት እዚያው ሐሳቧን ትለውጣለች። ሸማኔውም ፈትሉ ከሌላ ሰው ቢመጣለት፣ ድሩን ከማድራት ጥለቱን እስከ መጣል ያለው ውሳኔ የራሱ ነው። ሁለተኛው ትእዛዛዊ አሠራር ነው። በዚህኛው ሥራው በትንንሽ እርምጃዎች ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንዷን ብቻ ይይዛል፤ ስለ ፍጻሜው አይጠየቅም፣ እንዲጠይቅም አይፈለግም። የፍራንክሊን ነቀፋ ዕቃው ይበላሻል የሚል አይደለም፤ እንዲያውም ያማረና የተስተካከለ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዚሁ ነው። ችግሩ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚመረት ሌላ ነገር መኖሩ ነው፤ እሱም ታዛዥነት ነው። በሥራ ቦታው ለዓመታት የታዘዘውን ብቻ ሲፈጽም የኖረ ሰው፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ወይም በአደባባይ ሲቆም ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

ለዚህ ያመጡት ምስክር የማንቸስተር የጥጥ ፋብሪካ ወይም የፎርድ መኪና መገጣጠሚያ ቢሆን ኖሮ ማንም አይደነቅም ነበር። እሳቸው ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ዓመት ገደማ ወደ ነበረችው ቻይና፣ በሙያቸው ወደመረመሩት ነሐስ ይሄዳሉ። የሻንግ ዘመን ሠራተኞች መጀመሪያ የዕቃውን አምሳያ በሸክላ አፈር ይሠራሉ፤ በላዩ ጭቃ ለብጠው፣ ልባጩን ቆራርጠው ያነሡታል፤ ቁርጥራጮቹን ተኩሰው መልሰው ይገጣጥማሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የቀለጠው ነሐስ የሚፈስሰው። በዚህ ዘዴ የተሠራው፣ በ1939 አንያንግ ላይ ከመሬት የወጣውና ዛሬ በቻይና ብሔራዊ ሙዚየም የሚገኘው ታላቅ ባለ አራት እግር ድስት 832 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ያን ያህል ነሐስ በአንድ ጊዜ ለማፍሰስ ብዙ ማቅለጫ፣ ብዙ እጅ፣ ሁሉም በአንድ ትእዛዝ የሚንቀሳቀስበት ሥርዓት ያስፈልጋል። እንደ ፍራንክሊን አባባል ቻይና ከጊዜ በኋላ ለገነባችው የሹመትና የመዝገብ አስተዳደር ሕዝቡ ቀድሞ የሠለጠነው በእነዚህ ማቅለጫዎች ዙሪያ ነው።

የታሪክ ሊቅ ይህን ሲሰማ ራሱን ሊነቀንቅ ይችላል፤ መስኖው፣ ጦርነቱ፣ የእርሻ ግብሩ የት ሄደ ሊል ይችላል፤ ትክክልም ነው። አንድን መንግሥት ነሐስ ብቻውን አያቆመውም። ነገር ግን አንድ የእጅ ሥራ የአስተሳሰብ መንገድ ሊሆን እንደሚችል ለመቀበል የአማርኛ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የአገራችን አንጥረኛ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ቦታ ወርቁ ይገባል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ እጅ ነው የሚሠራው፤ ቅርጹም ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገለግልና ይሰበራል። የቅኔ ሊቃውንት የላዩን ትርጉም ሰም፣ የውስጡን ወርቅ ብለው የሰየሙት ከዚህ ሥራ ወስደው ነው። በቻይና የቅርጹ ቁርጥራጭ የሥራ ክፍፍልን ካስተማረ፣ በኢትዮጵያ ቀልጦ የሚጠፋው ሰም የተሰወረ ነገር መፈለግን አስተምሯል ማለት ነው። ይህ ንጽጽር በፍራንክሊን ንግግር ውስጥ የለም፤ ንግግሩ ግን በአድማጩ አእምሮ ውስጥ ይወልደዋል፤ የመልካም ንግግርም ሥራው ይኸው ነው።

ስለ ልብስ ስፌት መኪና የሚናገሩት ክፍል ግን ከቻይናው ይበልጥ ቅርብ ነው። አይዛክ ሲንጀር በ1851 የባለቤትነት መብት ያገኘበት መኪና በወጣበት ዘመን ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ሴቶች ከመርፌ ድካም ይገላገላሉ፣ ልብስ ይረክሳል፣ ድኻው ይለብሳል ተባለ። ልብሱ በእርግጥ ረከሰ። ሆኖም መኪናው በጠባብ አዳራሽ ተደርድሮ፣ አንዷ እጅጌ፣ ሌላዋ አንገትጌ ብቻ የምትሰፋበት የላብ ፋብሪካ መሣሪያ ሆነ። ነጻ ታወጣለች የተባለችው መኪና ሴቶችን በወንበር ላይ አሠረቻቸው። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ መጀመሪያ እንደ እንግዳ ይሞገሳል፣ ኋላ ሁሉም ሲለምደው እንደ ጌታ ያዝዛል የሚለው የፍራንክሊን ትምህርት ከዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ከተሞች አንድ ነገር ይጨምሩላቸዋል። ያው ሲንጀር በየከተማው በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊው ደንበኛውን ራሱ ይለካል፣ ራሱ ይቆርጣል፣ ፔዳሉን እየረገጠ ራሱ ይሰፋል፣ ቁልፉን ተክሎ፣ ተኩሶ ያስረክባል፤ ሱሪው ከጠበበ ወቀሳውን የሚሰማው እሱ ነው። መኪናው ያው መኪና ሆኖ ሳለ አሠራሩ ምሉዕ ሆነ። በጁላይ 2016 ደግሞ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ በዚያም በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የስፌት መኪናዎች በረጅሙ ተሰለፉ፤ አንዷ ሠራተኛ አንድ ስፌት ብቻ ሰፍታ ለቀጣይዋ ታቀብላለች። ፍራንክሊን በዚያው ወር ቶሮንቶ ላይ በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና የሰብአዊ መብት ጥናት ማዕከል በ2019 ባወጣው ጽሑፍ መሠረት የጀማሪዋ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ከገጠር ለመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ይህ በስማቸው የተከፈለ የመጀመሪያ ደመወዝ ስለሆነ በንቀት የሚታለፍ ገንዘብ አይደለም፤ ከበረንዳው ወደ አዳራሹ ሲገባ ምን እንደ ቀረ መጠየቅ ግን አይከለከልም። በጃንዋሪ 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ስታወጣት፣ አንዲትን እጅጌ ብቻ የምታውቀው ሰፊ የሸሚዙ ዕጣ የሚወሰነው የት እንደሆነ በቅጡ ተገለጠላት። የበረንዳው ሰው ዋሽንግተን ምን እንደ ወሰነች ሳይሰማ መስፋቱን ቀጠለ።

በዘመናችን የተቀረጸ ንግግር ሲባል ብዙ ሰው ወደ አእምሮው የሚመጣው የፍራንክሊን ዓይነት ረጅም ትምህርት አይደለም። በ1984 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረው ቴድ የተባለው ጉባኤ ከ2006 ወዲህ ንግግሮቹን በኢንተርኔት በነጻ እያሰራጨ ዓለምን አዳርሷል፤ ልማዱም ንግግሩ ከ18 ደቂቃ እንዳያልፍ ነው። በዚህ ልክ ተቆርጦ፣ በቀልድ ተጀምሮ በተስፋ የሚዘጋው አብዛኛው ንግግር እንደ ከረሜላ ነው፤ ጣፍጦ ያልቃል። ልዩ የሚሆነው ተናጋሪው በእጁ የሠራውን ነገር ይዞ ሲመጣ ነው። በ2007 አሩሻ ላይ ዊልያም ካምኩዋምባ የተባለ ማላዊያዊ ወጣት መድረክ ላይ ወጥቶ፣ በ14 ዓመቱ ከቤተ መጻሕፍት ያገኘውን መጽሐፍ እያየ፣ ከብስክሌት አካል፣ ከትራክተር ማራገቢያና ከባሕር ዛፍ እንጨት የንፋስ መብራት ኃይል ማመንጫ እንደ ሠራ በጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ተናገረ። እየተንተባተበ፣ ጠያቂው እያገዘው ተናገረ። ከብዙ ለስላሳ ንግግር ያ መንተባተብ ይበልጣል፤ ምሉዕ አሠራር ማለት ምን እንደሆነ ፍራንክሊን በብዙ ሰዓት የሚያስረዱትን ልጁ በደቂቃዎች አሳይቷልና።

በዕቃ ንድፍ ዓለም የታወቁት ቪክቶር ፓፓኔክም ተመሳሳይ ታሪክ ትተዋል። በ1960ዎቹ ከአንድ ተማሪያቸው ጋር ሆነው፣ ባትሪም መብራትም ለማያገኝ መንደርተኛ የሚሆን ራዲዮ ነደፉ። ቀፎው የተጣለ የጭማቂ ቆርቆሮ ነው፤ ኃይሉ የሚመጣው በውስጡ ከሚነድ ሰምና ክር ነው፤ ሰም ከሌለ ኩበትም ይሆናል። ዋጋው 9 ሳንቲም አሜሪካን ነበር። ፓፓኔክ በጽሑፋቸው እንዳወሱት፣ በ1966 ኡልም በተባለው የጀርመን ከተማ ወደሚገኘው ታዋቂ የንድፍ ትምህርት ቤት ሄደው ሥዕሉን እያሳዩ ሲናገሩ፣ ዕቃው አስቀያሚ ነው፣ ቅርጽ የለውም በማለት ከአድማጮቹ መካከል ተነሥተው የወጡ ነበሩ። ቀለም ቀቡት የሚል ምክርም ተሰጣቸው፤ እሳቸው እንቢ አሉ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ግን ተጠቃሚዎቹ ቆርቆሮውን በጨርቅ፣ በወረቀት፣ በመስታወት ቁርጥራጭና በዛጎል አስጌጡት። የኡልም ሰዎች ምላሻቸውን በእግራቸው ሰጡ፤ የኢንዶኔዥያ ሰዎች በእጃቸው። ፓፓኔክ ዕቃውን ሳይጨርሱ የተዉት በተንኮል ሳይሆን ለዚህ ምላሽ ቦታ ሲሉ ነው። አንድ እንከን ግን ራዲዮው ነበረበት፤ ጣቢያ መምረጥ አያስችልም። ጌጡ የባለቤቱ፣ ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

ይህ እንከን የተቀረጸ ንግግርም ሁሉ እንከን ነው፤ ይህንንም በማይክሮፎን ፊት ቆመው የተናገሩት ራሳቸው ፍራንክሊን ናቸው። ሰውና ሰው ሲገናኙ ምልልስ አለ። አንዱ ተናግሮ ሌላው ይመልሳል፤ የመለሰውም የመጀመሪያውን ሐሳብ ይለውጠዋል፤ ሁለቱም እንደ መጡ አይመለሱም። ራዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ቴፑ ይህን ምልልስ ከሥሩ የሚቆርጥ አሠራር አላቸው። ሚሊዮን ሰው አንድ ነገር በአንድ ሰዓት ሰምቶ አንድ ማኅበር የሆነ ይመስለዋል፤ እርስ በርሱ ግን አልተነጋገረም። ፍራንክሊን ግብረ መልስን ከምልልስ ይለዩታል፤ ግብረ መልስ ሥርዓቱ ያው ሆኖ ሥራው እንዲሳካለት የሚሰበሰብ መረጃ ነው። ዛሬ በንግግር ሥር የሚደረደረው የተመልካች ቁጥርና የአድናቆት ምልክት ግብረ መልስ እንጂ ምልልስ አይደለም ለማለት ፍራንክሊንን መጥራት ይበቃል።

የቴያትር ሰው ይህን በቀላሉ ያውቀዋል። በአዳራሽ ውስጥ ተመልካቹ ሲያስነጥስ፣ ሲያጉተመትም፣ ዝም ሲል ተዋናዩ ቃሉን ያዘገየዋል ወይም ያፈጥነዋል፤ የዛሬው ምሽት ጨዋታ የትናንቱ አይደለም። በቅኔ ቤትም መምህሩ ቅኔውን በቃሉ ይሰጣል፤ ተማሪው ሰምቶ አይቀርም። ብቻውን ወጥቶ፣ ከጥላ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ተመልሶም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ አንዳንዴም ከነመሠረቱ ያፈርሰዋል። መስማት እዚያ የትምህርቱ መጀመሪያ ነው። ጆሮ ላይ የተሰካች ማዳመጫ ግን የቱንም ያህል ጥበብ ብታፈስስ፣ የሰማውን ተሸክሞ ወደማን እንደሚሄድ ለሰሚው አትነግረውም። ስለዚህ የፍራንክሊን ንግግር ለብቻ ሲሰማ ግማሹ ይጎድላል፤ ሦስት አራት ሰው ተሰብስቦ፣ ድምፁን በየመካከሉ እያቆመ ሲከራከርበት ሌላ ይሆናል። የሥራ ክፍፍሉን የሚነቅፍ ሐሳብ በታዛዥ ጆሮ ሲወርድ ታዛዥነትን ያበዛል እንጂ አይቀንስም።

ፍራንክሊን ነገሩን እዚህ አልተዉትም። በ1993 ካናዳ ውስጥ ባንፍ በተባለው ከተማ ስለ ድምፅና ስለ አካባቢ በተደረገ ጉባኤ ላይ ስለ ዝምታ ተናገሩ። ቀድሞ ድምፅ ከምንጩ ጋር ይኖር ነበር፣ ምንጩ ዝም ሲልም ያበቃ ነበር፤ ቴክኖሎጂ ድምፅን ከምንጩ ለየው፣ አላፊ የነበረውንም ነዋሪ አደረገው አሉ። ዝምታን እንደ ግጦሽ መሬት ወይም እንደ ንጹሕ አየር የሕዝብ የጋራ ሀብት አድርገው ቆጠሩት፤ ማንም ሳይጠየቅ በየገበያ አዳራሹ የሚለቀቀው ዘፈንም ይህን ሀብት መንጠቅ መሆኑን ተናገሩ። ይህም ንግግር፣ በእጣ ፈንታው፣ ለትውልድ ተላልፏል።

ከምንጩ ተለይቶ ባሕር የተሻገረ ድምፅ ምላሽ ያገኘበት አንድ የታወቀ ጊዜ አለ። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃል በፎኖግራፍ አስቀርጸው ላኩ፤ ከተሰማ በኋላ ቅጂው እንዲጠፋም አዘዙ። ቃሉ ተሰማ፤ እንደ ትእዛዛቸውም ጠፋ። በ1899 ምኒልክና ጣይቱ እያንዳንዳቸው በገዛ ድምፃቸው መልሰው ላኩ። የቪክቶሪያ ቃል ዛሬ የለም። የምኒልክና የጣይቱ ምላሽ ግን፣ ከሰሙ ሲሊንደር መንጫጫት መካከል አልፎ አልፎ እየተቆራረጠ፣ እስካሁን ይሰማል።